የናርዶስ ሥርና የነጋዴ ዋና ገንዘብ

ናርዶስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ሰው ከወንጌል የታወቀ ነው። ማርያም በቢታንያ የጌታን እግር የቀባችበት ሽቱ 300 ዲናር የሚያወጣ እንደ ነበረ ተጽፏል። በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር ስለ ነበረ፥ ዋጋው የአንድ ዓመት ድካም ያህል ነበር ማለት ነው።

ናርዶስ በሂማላያ ተራሮች፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፥ በኔፓል፥ በሕንድ፥ በቡታንና በቻይና የሚበቅል አጭር ባለአበባ ተክል ነው። ገበያ የሚፈልገው ግን አበባውን ሳይሆን በአፈር ውስጥ ያለውን ጠጕራም ሥሩን ነው፤ ዘይቱ የሚወጣው ከእርሱ ነውና። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ የተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ፥ የአዱሊስን ገበያ በሚዘረዝርበት ብዕር ናርዶስ ከሕንድ ወደቦች የሚጫን ሸቀጥ መሆኑንም ይናገራል። በዚያው ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ደግሞ ናርዶስ ከሌላ ሣር ጋራ እየተደባለቀ ይሸጥ እንደ ነበር ጽፏል።

ቅጠል የሚለቅም ሰው ተክሉን ትቶት ይሄዳል፤ ሥር የሚቆፍር ግን ተክሉን ይዞት ይሄዳል። ናርዶስ በብርድ አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ፥ የተቆፈረው ቶሎ አይተካም። ስለዚህ በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮም ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ስለሚገኝ፥ ሥሩም ሆነ በጅምላ የሚጫነው ዘይቱ ያለ መውጫ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለችርቻሮ ታሽጎ የተዘጋጀ ሽቱ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች።

ፈቃድ መጠየቅን ጊዜ ማባከን አድርገው የሚያዩ ነጋዴዎች አይጠፉም። ነገር ግን ወረቀቱ ዕቃው በጉምሩክ እንዳይያዝ የገዢውን ገንዘብ ይጠብቃል፤ የሻጩንም ምንጭ ከመንጠፍ ያድናል። ሥሩን ያለ ልክ ነቅሎ የሚሸጥ ሰው አተረፍሁ ቢልም፥ የበላው ትርፉን ሳይሆን ዋና ገንዘቡን ነው።

ይህ ነገር የሂማላያ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የዕጣን ዛፍ ያለ ዕረፍት ሲደማ ይደክማል፤ ይደርቃልም። ላኪው የዘንድሮውን ኩንታል ሲመዝን ለከርሞ የሚቀረውን ዛፍ አብሮ ሊቈጥር ይገባዋል።