ስለ ሸክም አነሣሥ

በነገሌ ቦረናና በሞያሌ ቤት የምታሠሩ ሁሉ የሲሚንቶው ከረጢት 50 ኪሎ እንደሚመዝን ታውቃላችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የመከረው ወሰን 55 ኪሎ ነው፤ ለሴቶችና ለወጣቶች ከዚህ እጅግ እንዲያንስ አሳስቧል። ታዲያ በቆላው ፀሐይ ይህን ከረጢት ለአንዲት እኅታችን ማሸከም እንዴት ይሆናል?

ሸክሙ ከገላ በራቀ መጠን ወገብን ይበልጥ ይጫናልና፣ ጉልበትን አጥፎ ከረጢቱን ከደረት አስጠግቶ መነሣት ይገባል፤ መዞር ሲያስፈልግም በእግር እንጂ በወገብ አይሁን። ባሬላ የሚይዙት ሁለቱ ቁመታቸው የተቀራረበ ይሁን፤ አለዚያ ሸክሙ ወደ አጭሩ ያጋድላል። የቀን ሠራተኛ ወገቡ ከተጎዳ በማግስቱ የልጆቹ እንጀራ ይቀራል። ስለዚህ ጋሪ አቅርቡላቸው፤ የመጠጥ ውሃና ጥላ አዘጋጁ፤ ከባዱም ሸክም በማለዳ ይነሣ።