እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም

«እንሰት ያው እንሰት ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይብስ የሚያናድደኝ፣ ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ስለ እንሰት ሊያስተምረን የመጣ ባለሙያ መሆኑ ነው።

ጌታው፣ በጉራጌ ከእምድብር ከተማ ወጣ ይበሉና ከአንድ የቸሃ ጓሮ ይግቡ። የቤቱን እመቤት ይጠይቁ። የሽራክንቅየ፣ አስታራ፣ ጓርየ፣ አጋደ እያለች በየስሙ ታሳይዎታለች። የምትለያቸው በግንዱ ቀለም፣ በቅጠሉ አውራ ጅማት፣ በቁመናው ነው። ቆጮው የሚወደድለት የትኛው እንደሆነ፣ አምቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል) ተቀቅሎ የሚበላው የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ደግሞ ጓርየን ትቆርጣለች። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1947 እንሰትን ከሙዝ ለይቶ ራሱን የቻለ ወገን አድርጎታል። ትልቅ ሥራ ነው። ጓሮ ውስጥ ያለውን ልዩነት የመደቡት ግን እናቶቻችን ናቸው፤ ለዚህ ዲግሪ የሰጣቸው የለም።

ልዩነቱ ለምን ያንገበግበኛል? እንሰት በገበሬው እጅ የሚራባው በፍሬ አይደለም። ለጋው ተክል ይነቀላል፣ ግንዱ ይቆረጣል፣ የአምቾው እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣና ፍግ በጠገበ አፈር ይቀበራል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ ይግተለተላል። ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። እንግዲህ የአንዱ ዓይነት የመጨረሻ እግር ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ ልቀቅ ተብሎ ሲነቀል፣ ያ ዓይነት አለቀ ማለት ነው። ገበያ ወጥቶ የሚገዛው የለም።

አጠውልግ የሚባል የእንሰት በሽታም አለ። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳወቁት የዚህ በሽታ ባክቴሪያ በቢላዋ ስለት ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ፈጽሞ የማይነካው እንሰት አልተገኘም፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል አይወድቅም። ማዚያ የሚባለው የወላይታ እንሰት በሽታውን በመቋቋም ይታወቃል። ጓሮን በአንድ ዓይነት ሞልቶ በሽታን መጠበቅ እብደት ነው፤ «ምርታማው ይሄ ነው፣ ሌላውን ተወው» ብሎ መምከርም ያው ነው።

የግብርና ሰዎች፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ወደ ጓሮው ስትመጡ መጀመሪያ እመቤቷን አስቀድሙ። ዓይነቱን ከነስሙ፣ ከነመለያው፣ ከነጥቅሙ መዝግቡ፤ በሕይወትም አስቀምጡት። አንተም የአገሬ ሰው፣ ጓሮህ ውስጥ አንድ እግር ብቻ የቀረው ዓይነት ካለ ቢላዋህን በእሳት ለብልበህ ዘንድሮውኑ አባዛው፤ ችግኙንም ለጎረቤትህ አካፍል።