ራሳም ያገናኛቸው ሁለት ነገሥታት

ሆርሙዝ ራሳም የሚለውን ስም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የተማረ ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ በ1858 ዓ.ም. የታሰረው፣ መቅደላ ላይ በእግር ብረት የከረመው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ግን እኛ ዘንድ ብዙም አይወራም። መቅደላ በወደቀች በ11 ዓመቷ፣ በ1871 ዓ.ም. የባቢሎንን ፍርስራሽ ሲያስቆፍር ከተገኙት ነገሮች አንዱ የፋርሱ ንጉሥ የታላቁ ቂሮስ የሸክላ ጽሑፍ ነበር። (ከአባ ኪሮስ ጋር እንዳይምታታ! ይኼኛው በመጽሐፈ ዕዝራ የምናውቀው ነው።) ሸክላው ዛሬ ለንደን፣ ብሪትሽ ሙዚየም ነው ያለው። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታትም እዚያው ቤት አሉ።

ሸክላው ምን ይላል? የባቢሎን ትልቁ አምላክ ማርዱክ ቂሮስን መረጠው፤ ያለ ውጊያ ከተማዋ ገባ፤ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ጣዖታቱን ወደየመቅደሳቸው፣ ሰዎቹንም ወደየቦታቸው መለሰ ይላል። ነገሩ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት ነው። የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሰነድ የሚሉትም አሉ። በ1964 ዓ.ም. ኢራን ቅጂውን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስጦታ ሰጥታለች። ለእኔ ለጋዜጠኝነት ተማሪው ግን የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ መግለጫ ነው የሚመስለኝ። ያሸነፈው ንጉሥ ያስጻፈው፣ የተሸነፈውን ናቦኒደስን የሚያጥላላ መግለጫ። ሌላ የባቢሎን የዜና መዋዕል ሸክላ ደግሞ ከዚያው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ኦፒስ በምትባል ከተማ ውጊያ እንደነበር፣ ምርኮ እንደተወሰደና ሕዝብ እንዳለቀ ይመዘግባል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ቂሮስ እጁ ላይ ደም የሌለበት ይመስለዋል።

ወደ እኛ እንመለስ። ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃች ውቤን አሸንፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። እንደ ቂሮስ የተበታተነ አገር አንድ ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። ልዩነቱ ቂሮስ ካህናቱን ይዞ ነው የገባው። የእኛው ንጉሥ ከተቀቡ ብዙም ሳይቆዩ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ጉዳይ አነሡና ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ሐሳቡ ክፉ ነበር ወይ? በእኔ እምነት አልነበረም። ወታደሩ ደሞዝ ካገኘ ገበሬውን አይዘርፍም ነው ነገሩ። ደሞዙ ከየት ይምጣ የሚለው ነው ያልተፈታው። ከዚያማ አገሩ በየአቅጣጫው ሸፈተ፤ መጨረሻ ላይ እጃቸው ውስጥ የቀረው በጌምድርና የመቅደላ አካባቢ ብቻ ሆነ። ታዲያ ያን ሁሉ ሠራዊት ማን ቀለበው? በጌምድር ነዋ!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ጋይንት፣ ወደ እስቴና ወደ ስማዳ የሚመጣው። ስለ ቴዎድሮስ የሚሠራ ድራማ ከቋራ ይነሣና መቅደላ ላይ ሽጉጡ ሲተኮስ ያልቃል። መሐል ያለው አገር የለም! ጋፋት እኮ ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ነው። ሴባስቶፖልን ያፈሰሱት የጋፋት ባለሙያዎች ናቸው፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ፣ በዛሬው አነጋገር 70 ኩንታል። ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ያን ብረት በሠረገላ አስጭነው፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት አድርገው በጨጨሆ አለፉ። ከዚያ ዘቢጥ፣ ከዚያ የጅጣ ገደል፣ ከዚያ ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋይ እየተፈለጠ ነው የተሠራው፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው! ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ጨጨሆን በሰዓታት ውስጥ ያልፈዋል፤ ገደሉን በመስኮት ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል።

ታዲያ ይህን ማን ጻፈው? ራሳም ጽፏል፤ አብሮት የታሰረው ዶክተር ብላንክም ጽፏል። ከእኛ ወገን ደብተራ ዘነብ እና አለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕላቸውን በአማርኛ ጽፈዋል፤ ዘነብ ያወድሳል፣ ወልደ ማርያም ይወቅሳል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለቱም ስለተገኙልን እናወዳድራለን። ገመዱን የጎተተው ሰው ግን አልጻፈም። እህሉ ከጎታው የተጋዘበት ገበሬም አልጻፈም።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። አያቴ ስለ ቴዎድሮስ ሲጠየቁ «ወንድ ነበር» ይሉና ዝም ይላሉ። ደግመህ ብትጠይቃቸው «ምን ታረገዋለህ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ውዳሴው ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ዝምታው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ሰውየው ስለ ንጉሡ የሚያውቁት ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው የሰሙትን ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላ ማንን ልጠይቅ?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «ጀግናችንን ልታንኳስስ ነው?» ይሉኛል። ኧረ በጭራሽ! ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለእንግሊዝ ያልሰጡትን ንጉሥ ማን ያንኳስሳል? ግን ክፍል ውስጥ ዜና ስንሠራ መምህሮቻችን በአንድ ምንጭ ብቻ የቀረበ ጽሑፍ ይመልሱብናል። ለሁለት ገጽ ዜና የሚጠየቀው ነገር ለአንድ ንጉሥ ሕይወት የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። ራሳም ለቂሮስ ሸክላ አፈር አስቆፍሯል። የእኛው ገና አፈር አልገባም፤ በየመንደሩ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል።

ክረምት ላይ ኮሌጁ ሲዘጋ ወደ ወገዳ እወርዳለሁ፤ ከአያቴ ነው የምጀምረው። ከዚያ ጋይንት ወጥቼ በጨጨሆ ዙሪያ ያሉትን አባቶችና እናቶች መጠየቅ እፈልጋለሁ። ቴፕ መቅረጫ ያለው፣ እግሩም የሚችል ተማሪ ካለ ከሁለተኛ ዓመት ክፍል ይፈልገኝ።