«የጂን ጉዳይ ነው» እያልን ትምባሆ ሻጩን አናስመልጥ

ሰው በምላስ ወይም በጉሮሮ ካንሰር በታመመ ቁጥር የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የጂን ጉዳይ ነው፤ ምን ይደረጋል!» ጂን የሚለው ቃል ሲገባ ነገሩ ሁሉ ዕጣ ፈንታ ይሆናል። ሻጭ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም፣ ተጠያቂ የለም።

እስቲ ጂኑን እንየው። ስሙ ቲፒ53 ይባላል። የሕዋሳችን ዘበኛ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሕዋሱ እንዳይባዛ ያግዳል፤ ጉዳቱ ካልተጠገነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ዘበኛው ከወደቀ የተበላሸው ሕዋስ ያለ ከልካይ ይራባል።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያገኙት ካንሰር አምጪ መስሏቸው ነበር። ተከላካይ መሆኑ የተረጋገጠው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ነው። ሳይንስ ዘበኛውን ሌባ ማለቱን ትቷል። እኛ ግን ዛሬም ዘበኛውን እንከሳለን።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የአሜሪካ የካንሰር ጂኖም ጥናት 279 የራስና የአንገት ዕጢዎችን መርምሮ ነበር። የአፍ፣ የምላስ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ዕጢዎች ማለት ነው። ከ10 ዕጢ በ7ቱ ገደማ ቲፒ53 ተበላሽቶ ተገኝቷል።

«ይኸው! የጂን ነው ማለት ነዋ» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ግን «ማን አበላሸው?» የሚለው ነው። ተበላሽቶ ከወላጅ የሚወረስበት አጋጣሚ አለ፤ ግን ብርቅ ነው። አብዛኛው ታማሚ ሲወለድ ጂኑ ጤነኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት 129 የዚህ ካንሰር ታማሚዎችን አነጻጽሯል። ከሚያጨሱትም ከሚጠጡትም 58 በመቶው ዕጢያቸው ውስጥ ጂኑ ተበላሽቷል። የሚያጨሱ ግን የማይጠጡት ላይ 33 በመቶ፣ ሁለቱንም የማይነኩት ላይ 17 በመቶ ነበር። ጭሱ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። ዕጣ ፈንታ የምንለው ነገር በፓኬት ታሽጎ የሚሸጥ ነው።

ይህን የምለው ታማሚውን ለመክሰስ አይደለም። ሳያጨስም የሚታመም አለ፤ የሚያጨሰውም ብዙ ጊዜ የጀመረው በልጅነቱ ነው። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣው የጉሮሮ ካንሰርም አለ። እዚያ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ቫይረሱ የሚያፈርሰው ጂኑ የሚያሠራውን ፕሮቲን ነው። ለዚህ ደግሞ ክትባት አለ። እሱም ቢሆን ዕጣ ፈንታ አይደለም።

«ጂኑን በኋላ ይጠግኑታል» የሚሉም አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2003 ጤነኛ ቲፒ53 ወደ ዕጢው የሚያስገባ መድኃኒት ለዚሁ ካንሰር ፈቀደች፤ በዓለም ለገበያ የተፈቀደ የመጀመሪያው የጂን ሕክምና ተባለ። ተመሳሳይ መድኃኒት ይዞ የመጣው የአሜሪካ ኩባንያ ግን በ2008 ማመልከቻው ለግምገማ እንኳ ሳይቀበሉት ቀርተው ከሰረ። ከዚያ ወዲህም ሕክምናው በዋናነት ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞ ነው። የወደቀን ዘበኛ ማስነሳት ከባድ ነው፤ እንዳይመታ መጠበቅ ይቀላል።

ታዲያ እኛ እየጠበቅነው ነው? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ የፓኬቱን 70 በመቶ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፍነው ያዛል። ሰፈር ወርዳችሁ እዩ። ሲጋራው በፍሬ ይሸጣል፤ አስፈሪው ሥዕል ባለሱቁ ጋ ይቀራል። ዕድሜ የሚጠይቅ ባለሱቅስ ስንቱ ነው?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 70 በመቶ ገደማ ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ትምባሆ ገንዘብ እንደሚያወጣ ያውቃል ማለት ነው። እንግዲያው ከትምባሆ ታክስ የተወሰነው በሕግ ለካንሰር ሕክምና ይመደብ። የፍሬ ሽያጭ ይቁም። ለልጅ የሚሸጥ ይቀጣ። ይህ ሳይሆን «የጂን ነው» ማለት ለታማሚው ማዘን አይደለም፤ ለሻጩ ጥብቅና መቆም ነው።