ምን የሚታይ አለ?

ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸና ወረደ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለምሳ ቆመናል። ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምን የሚያውቃት በዚህችው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ጥብስ የሚያዝ ያዛል፣ ጾመኛው ሽሮውን ይጠብቃል፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ሰልፍ ይያዛል፣ ለሹፌሩ በጓዳ በኩል ለብቻው ይቀርብለታል። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄድ ጎልማሳ፣ ሂሳቡን እየከፈለ አስተናጋጇን «እዚህ ከተማ ምን የሚታይ አለ?» አላት። ልጅቷ አስፋልቱን አየት አደረገችና «እዚህማ ምን አለ ብለህ ነው፤ ባሕር ዳር ስትደርስ ታያለህ» ብላው ሳህኖቹን አንስታ ሄደች።

ከሰውዬው ጥያቄ ይልቅ የልጅቷ መልስ ነው ሲያብሰለስለኝ የሄደው። ያደገችበትን አገር ባንድ ቃል ባዶ አደረገችው። ግን እሷን ምን ልበላት? ያስተማርናት እኛው ነን። እኔም ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እናሳያችሁ ብሎ የወሰደን ጎንደር ነበር። መንገዳችን ላይ ያለችውን ቡሬን ያለፍናት ተኝተን ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ የአገራችን ቱሪዝም ሲደራጅ፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ይዘው አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ለውጭ እንግዳ የሚሸጥ መስመር ያስፈልግ ነበር። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በአንድ ገመድ ታሰሩ፤ «ታሪካዊው መስመር» ተባሉ። በጊዜው ብልህ ሥራ ነበርና አልወቅሰውም። በኋላ ዩኔስኮም ላሊበላን በ1978፣ ጎንደርን በ1979፣ አክሱምን በ1980 እ.ኤ.አ. መዘገበ። ጥፋቱ የመጣው እኛ የሻጩን መስመር የታሪክ ካርታ አድርገን ስንይዘው ነው። ድንጋይ የቆመበት ቦታ ታሪክ አለው፤ ድንጋይ ያልቆመበት ቦታ ምሳ ይበላበታል። አሁን መጠሪያው «ምድረ ቀደምት» ሆኗል፤ መስመሩ ግን ያው መስመር ነው።

እስቲ ድንጋይ አለባት ወደምትባል ከተማ ልውሰዳችሁ። እስክንድርያን አንድ ቀን ውዬባታለሁ። ታሪካዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲባል ማንም ቀድሞ የሚጠራት የሜዲትራኒያን ወደብ ናት፤ ለእኛ ደግሞ ባዕድ አይደለችም። ፍሬምናጦስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ አባ ሰላማ የሆነው እዚያ ነው። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስኪሾሙ ድረስም ጳጳስ ሲላክልን የኖረው ከእስክንድርያው መንበር ነው። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ሄድኩ። አስጎብኚያችን ከባሕሩ አፍ ላይ ወዳለው ወደ ቃይትባይ ምሽግ ወሰደንና ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «የዓለም ድንቅ የነበረው ፋና፣ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ እዚህ ነበር» አለን። አንጋጠን አየን። ሰማይ ነው። ፋናውን የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈረሰው ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ምሽጉ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦታው የተሠራ ነው። ባዶውን ሰማይ ፎቶ አነሳነው። ቀጥለን ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሄድን፤ ጥንታዊው የለም፣ የምናየው በ2002 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን ነው። የእስክንድርን መቃብርም ጠየቅን፤ እሱም የለም። ካቫፊ የሚባለው ግሪካዊ ባለቅኔ የኖረበት አፓርታማ ግን አለ፤ ሙዚየም ሆኗል።

ማታ ወደ ሆቴሌ ስመለስ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ የከፈልኩት ለሌለ ነገር ነው፤ ግን አልተታለልኩም። ሰውዬው የሌለውን ፋና አሳየኝ። ድንጋዩ ቢጠፋባቸው ተራኪው አልጠፋባቸውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ሻይ አዝዤ ነበር። እስክንድርያ የምትጠጣው ውሃ ከአባይ በቦይ ተስቦ የሚመጣ ነው፤ ማሕሙዲያ የሚባለውን ቦይ ያስቆፈረው መሐመድ አሊ ፓሻ ነው፣ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ። ከአባይ ውሃ ደግሞ ከመቶ 85 ያህሉ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ስለዚህ ከብርጭቆው ውስጥ አባይ ከሚመነጭበት ከሰከላ የመጣ ጠብታ አለ ብዬ ብፎክር ማንም አይከሰኝም። እንዲያውም ከውሃው አፈሩ ይብሳል። አባይ ሁለት ሆኖ ሜዲትራኒያን የሚገባባቸው ራሺድና ዲምያጥ የቆሙበት መሬት ደለል ነው፤ ደለሉን ዓመት ካመት ተሸክሞ ያደረሰው ክረምት በመጣ ቁጥር የኛን ማሳ የሚልጠው ጎርፍ ነው። የአስዋን ግድብ ደለሉን ማስቀረት ከጀመረ ወዲህ ባሕሩ የራሺድን ዳርቻ እየበላው ነው። አፈራችን ቀድሞን ሜዲትራኒያንን ጎብኝቶ፣ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ አሁን ቤቱ እየፈረሰበት ነው እንግዲህ። ይህን የጂኦግራፊ ትምህርት የፍኖተ ሰላም ተማሪ ለፈተና ሸምድዶታል። ከደጁ ስለሚጀምር ነገር መሆኑን ግን ማን ነገረው?

ወደ መንገዳችን ልመለስ። ከፍኖተ ሰላም ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ማንኩሳ ደረስን። ግማሹ አውቶቡስ ምሳው ከብዶት ያንቀላፋል። ማንኩሳ! በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከዚህች ስም የበለጠ የታወቀ የገጠር ቀበሌ የትኛው ነው? ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የቦጋለና የውድነሽ ጎጆ፣ የበዛብህ ትውልድ መንደር። መጽሐፉን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሁሉ ማንኩሳን ያውቃታል፤ ባይኑ ግን አላያትም። እስክንድርያ ለአንድ ባለቅኔ መኝታ ቤት ትኬት ትቆርጣለች፤ እኛ ማንኩሳን በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያንኮራፋን እናልፋታለን። «ታዲያ እዚያ ወርዶ ምን ይታያል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ በርበሬ የተሰጣበት ግቢ፣ የገበሬ ልጅ የቆሎ ተማሪ ለመሆን ሲነሳ ትቶት የሚሄደው አገር። መጽሐፉን ላነበበ ሰው ይህ ከቤተ መንግሥት ያነሰ ነው?

ቡሬ ላይ አውቶቡሱ ለአንድ ወራጅ ብቻ ቆመ። ቡሬን ዛሬ ሰው የሚያነሳት በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ፣ በዘይት ፋብሪካዋ፣ ወደ ነቀምት በሚገነጠለው መንገዷ ነው። ደግ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ አስፋልት ሳይነካው በፊትም መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን በቡሬ ገበያ በኩል አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይነዳ ነበር፤ በመልሱ አሞሌ ይጭናል። ሰውም እንደ ዕቃ ይነዳበት ነበር፤ የታሰሩ ባሪያዎች በዚያው መንገድ አልፈዋል። ሐውልት እናቁም የሚሉ ወገኖቼ ይህን ምዕራፍ ሲነሳባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ታሪክ ከተባለ ግን እሱም ተቆጥሮ ነው።

ከዚያም ጣሊያን የተባረረበት 1933 ዓ.ም. አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ የመጡበት አገር ይህ ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው «የጌዴዎን ኃይል» ከሱዳን በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ነድቶ ነበር፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ከነሱ በቁጥር በብዙ የሚበልጠው የጣሊያን ጦር ቡሬ ላይ መሽጓል። በድምፅ ማጉያ ሌት ተቀን ክዱ እያሉ ሰበኩበት፣ ባገሬው አርበኛ አስጨነቁት፣ በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ደምበጫ አጠገብ አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ከሚሸሸው ጦር ጋር ድንገት ፊት ለፊት ተላተመ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። የኛ አውቶቡስ ያን መንገድ ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ። ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ይከበራል፤ መንገዱ ግን የሻይ መንገድ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ስናገር ባለሥልጣን ካለ መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ሎጅ ለመገንባት ጥናት ላይ ነን»፤ «የመታሰቢያ ሐውልት ይቆማል»። ድንጋይ የለም ስለተባለ ድንጋይ ማምጣት! በሽታው ራሱ መድኃኒት ሆኖ ሲታዘዝ ማለት ነው። እኔ የምለው ያችን አስተናጋጅ ነው። ለሰውዬው «ማንኩሳን አሁን ታልፋታለህ፣ እንዳትተኛ» ብትለው ምን ሲሚንቶ ያስፈልጋታል? የታሪክ መምህሯ አንድ ቅዳሜ ክፍሉን ይዞ ቡሬ ድረስ ቢወስዳት፣ ያረጁ አባቶችን አፍ እንድትሰማ ቢያደርጋት፣ ዛሬ የምትመልሰው ነበራት።

በርግጥ ውጊያው ከተነሳበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ በጎጃም መንገድ ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሰው ዘመዱን ሊቀብር መሄጃ ባጣበት አገር የምን ሽርሽር ይባል ይሆናል። እውነት ነው። እኔ የምተርከው ጉዞም ከዚያ በፊት የሆነ ነው። ሆኖም «ምንም የለበትም» የተባለ አገር ሲጎዳም ጉዳቱ እንደ ምንም ነው የሚቆጠረው፤ ላሊበላ ጥይት ሲሰማ ዓለም ይጮኻል፣ ማንኩሳ ቢሰማ ማን ስሟን ያውቃል?

በዚያ ጉዞ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቆርጠን ትሊሊ ላይ ወረድንና ወደ ቀኝ ተገንጥለን ሰከላ ገባን፤ ግሽ አባይ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ስንት መከራ አይተው የደረሱበትን ምንጭ በጭነት መኪና ጋቢና ደረስንበት። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው፣ በኋላ «ግሽ» ሲሉት አንዲቱም ገጽ ሳትርስ እንደመለሰላቸው የሚነገርበት ቦታ ነው። እስክንድርያ ድረስ የሚሄደው ውሃ እዚህ ሲታይ ረግረግ ሣር መካከል ያለች፣ ልጅ ሊዘላት የሚችል ነገር ናት። ቢጫ ጀሪካን የያዙ እናቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጫማችንን አውልቀን ስንጠጋ አንድ ቄስ መቋሚያቸውን አግድም ያዙብን።

«ልጆቼ፣ እህል ቀምሳችኋል?»

ተያየን። «አዎ አባ፤ ፍኖተ ሰላም ምሳ በልተን ነው።»

«እንግዲያ አይቀረብም። ጸበሉ ለጾመ ሰው ነው። እዚሁ እደሩና ነገ በጠዋት ኑ።»

ነገ በጠዋት ባሕር ዳር የጀልባ ቀጠሮ ነበረን።