የጨለንቆን ዕዳ ማን ይክፈል?

ስለ ጀጎል አንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከወጣ፣ ኮመንቱ ጨለንቆ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አንዱ "ካሳ ክፈሉን!" ይላል፤ ሌላው "እኔ ያኔ አልነበርኩም፣ ምን አገባኝ?" ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

በ1879 ዓ.ም. የንጉሥ ምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ሠራዊት ጨለንቆ ላይ አሸንፎ ሐረርን ያዘ። ዛሬ ጀጎል ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚያድረው የወታደሩ የልጅ ልጅ ግን ማንንም አልዘረፈም። ጥፋት እንደ ቤት አይወረስም።

ሰው ያልፋል፤ መንግሥት ግን ስሙን እየቀየረም ይቀጥላል። በ1940 ከኩሉብ እንቅስቃሴ በኋላ ሐረሪዎች ሲታሰሩና ንብረታቸው ሲወረስ ወራሹ መንግሥት ነበር። ደርግ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 በመላ አገሪቱ "ትርፍ" ያላቸውን ቤቶች ሲወርስም እንዲሁ። የብዙዎቹን ኪራይ ዛሬም ቀበሌ ይሰበስባል። ታዲያ ባለዕዳው ኪራይ ሰብሳቢው ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ ያለችው ደሃ ተከራይ አይደለችም። እሷን አስወጥቶ ሌላውን መካስ አዲስ በደል ነው።

ለጨለንቆ የሚገባው ታሪኩን ሳይደብቁ ማስተማር ነው። ለተወረሰው ንብረት ግን ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ማካካሻን ያካትታል። እናም ጎረቤታችሁን ኮመንት ላይ ከማፋጠጥ፣ የአያታችሁን የቤት ሰነድ ፈልጋችሁ ያዙ።