ጥቁር እንጨት በጓሯችን፦ ዛፉ ለልጆቻችን፣ ሐኪሙ ለዛሬ



ዛሬ የማነሣው ከባሕር ዳር አጠገብ ካለችው ከሰባታሚት አንዲት እህት ያቀረበችልኝን ጥያቄ ነው። ባለቤቷ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ምን እንደሚያመው ስትጠይቀው «ብርድ ነው» ይላታል። በኋላ ግን ከገበያ የገዛውን የዛፍ ቅርፊት እያፈላ በድብቅ እንደሚጠጣ ደረሰችበት። ቅርፊቱ የጥቁር እንጨት ነው ተብሏል። «ዛፉን በጓሯችን ብንተክለው አይሻልም ወይ? እንዴትስ ይተከላል?» ትላለች።

እህቴ ሆይ፣ ጥያቄሽ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ አንዱ የባልሽ፣ ሌላው የዛፉ። ጊዜ የማይሰጠውን እናስቀድም።

ባሎቻችን የማይናገሩት ሕመም

ፕሮስቴት በወንዶች ከሽንት ፊኛ በታች የምትገኝ፣ የሽንት መስመሩን የከበበች ትንሽ ዕጢ ናት። ዕድሜ ሲገፋ ታድጋለች፤ ስታድግም መስመሩን ትጫናለች። ስድሳ ዓመት ከደረሱ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ይህ እብጠት ይገኛል። ሽንት ቶሎ አይወርድም፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊትም ያስነሣል። ይህ ካንሰር አይደለም። ነገር ግን የፕሮስቴት ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ የስኳር በሽታም ሌሊት ሽንት ያበዛል። የትኛው እንደ ሆነ ሚስትም ሆነች ቅርፊት ሻጭ ሊለዩት አይችሉም። ሐኪም ግን በአካል፣ በሽንትና በደም ምርመራ፣ በአልትራሳውንድም ይለየዋል። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ደም ከታየበት ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ የተጠራቀመ ሽንት ኩላሊትን ይጎዳልና። ለሰባታሚት ሰው ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሩቅ አይደሉም።

ብዙ ወንዶች ስለዚህ ነገር መናገር ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ እህቶቼ፣ በልጆች ፊት ወይም በእንግዳ ፊት አታንሡት። «ለምን ደበቅኸኝ?» ከማለት ይልቅ «አንተ ስትነሣ እኔም እነቃለሁ፤ አብረን እንሂድ» ማለት ይቀላል። እናንተም ወንድሞች፣ የትዳር ጓደኛችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስትወጡና ስትገቡ እየሰማች ነው። የደበቃችሁት ሕመሙን አይደለም፤ ሕመሙ ስሙ እንዳይታወቅ ብቻ ነው ያደረጋችሁት።

ቅርፊቱስ አይረዳም ወይ?

ጥቁር እንጨት የአፍሪካ ደጋማ እርጥብ ደኖች ዛፍ ነው። በኦሮምኛ ሆሚ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል፤ የኮክ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ፈረንሳዊ ለፕሮስቴት ሕመም የሚሆን መድኃኒት ከቅርፊቱ ማውጣትን በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ በእንክብል መልክ ሲሸጥ ቆይቷል።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 2000 በተሠሩ 18 ጥናቶች 1,562 ወንዶች ተመርምረው ነበር። ውጤታቸው ሲጠቃለል ሌሊት ለሽንት መነሣት በ19 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ይህም አምስት ጊዜ ይነሣ የነበረ ሰው አራት ጊዜ ቢነሣ ማለት ነው። ጥናቶቹ ጥቂት ወራት ብቻ የቆዩ ነበሩ። ካንሰርን እንደሚፈውስም አልተረጋገጠም።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በስብ እንጂ በውኃ በደንብ የማይሟሟ ነው። ፋብሪካ በኬሚካል አውጥቶ፣ ለክቶ ያዘጋጀዋል። በጀበና የፈላ ቅርፊት ያንኑ መድኃኒት አይሰጥም፤ መጠኑም አይታወቅም። የኮክን ዘር ሰብራችሁ ብታሸቱት መራራ ሽታ አለው። የጥቁር እንጨት ቅርፊትና ቅጠልም እንዲሁ ይሸታል። ሽታው የሚመጣው ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ሊያወጣ ከሚችል ነገር ነው። ስለዚህ እየገመቱ አፍልቶ መጠጣት አይመከርም። እስካሁን የጠጣ ሰውም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ዛፉ ለምን ተመናመነ?

ይህ ገበያ ዛፉን ብዙ አስከፍሎታል። ከካሜሩን፣ ከኬንያና ከማዳጋስካር በሺዎች የሚቆጠር ቶን ቅርፊት ወደ አውሮፓ ተጫነ። ብዙው ዛፍ ዙሪያውን ተልጦ ቆሞ ደረቀ። ቅጠል የሚሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነውና፣ ዙሪያው የተላጠ ዛፍ ሥሩ ይራባል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዛፉ የዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፅዋት መዝገብ ገብቷል። በዘዳግም 20፥19 እኮ ጦር ከተማን ሲከብ እንኳ የሚፈራውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ተከልክሏል። ለአንድ ጀበና ብለን ዛፍ መግደል እንዴት ይገባናል?

በእኛም አካባቢ ባሕር ዛፉና ጫቱ ሲስፋፋ አገር በቀሉ ዛፍ ወደ ጥግ ተገፍቷል። በደቡብ ጎንደር ጥቁር እንጨት ተጠብቆ የቆየው በአብዛኛው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ለዚህ ጥበቃ ጎረቤቶቻችንን ማመስገን ይገባናል።

አተካከሉና ክብካቤው

በአገራችን ጥቁር እንጨት በብዛት የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ባሕር ዳርና አካባቢዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆኑ ይስማማዋል። የደን ልጅ ነውና ከበጋው ድርቀት ግን መጠበቅ አለበት።

ዘሩ፦ የጥቁር እንጨት ዘር ተቀምጦ የሚከርም አይደለም፤ በሳምንታት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። የደኑን ባለቤቶች አስፈቅዳችሁ የበሰለውን፣ የቀላውን ፍሬ ልቀሙ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሥጋውን አሽታችሁ አጥቡት። በጥላ እንጂ በፀሐይ አታድርቁት፤ ሳይውል ሳያድር ዝሩት። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ይበቅላል። ዘር ካላገኛችሁ ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ።

ችግኙ፦ አፈር፣ ኮምፖስትና አሸዋ በተቀላቀለበት የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከዳስ ሥር አሳድጉት። ለተከላ ሲቃረብ ጥላውን ቀስ በቀስ ቀንሱለት።

ተከላው፦ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ክረምቱ ሲገባ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ይተከላል። ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም ግማሽ ሜትር ይሁን። ውኃ የሚያቁር ዋልካ መሬት ከሆነ አፈሩን ቆልላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ከቤት ግድግዳ አርቁት፤ ከባሕር ዛፍም አርቁት። በዋንዛ ወይም በብሳና ከፊል ጥላ ሥር ቢሆን ይወዳል።

ክብካቤው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከኅዳር እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ አጠጡት። ዙሪያውን ገለባ አልብሱት፤ ገለባው ግንዱን አይንካ። ከሁሉ በላይ አጥሩን አትርሱ። የባሕር ዳሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። የእርሳቸው ሥራ ካሳየን ነገር አንዱ ከብት በሚገባበት ቦታ ችግኝ እንደማይተካ ነው። ለፍየል አንድ ማለዳ ይበቃታል።

ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ቅርፊቱ ለመድኃኒት የሚደርሰው ከ12 እስከ 15 ዓመት ሲሞላው ነው። ያን ጊዜም የሚያውቅ ሰው ግንዱን በአራት ከፍሎ ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ብቻ ይልጣል፤ ሌሎቹን ሁለቱን የሚነካቸው የተላጠው ከዳነ ከዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ አሥር ዓመት የሆነው ልጃችሁ ያኔ ሃያ አምስት ይሆነዋል። ስለዚህ ይህ ዛፍ ዛሬ ለሚታመም አባወራ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ለእርሱ የሚሆነው የዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ነው።

ይህ ማለት አትትከሉት ማለት አይደለም። አበባውን ንብ ትወደዋለች፤ ፍሬውን ወፍ ትለቅመዋለች። ቅርፊቱ ሳይነካ የቆመ አንድ ዛፍ ለመንደሩ ሁሉ ዘር ይሆናል። በዚህ ክረምት ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አንዳችሁ አጥሩን፣ አንዳችሁ ውኃውን ያዙ። የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ግን ክረምቱን አይጠብቅ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።